ግንቡን ሰጥቶ መንገድ የዘጋው ሰው

ቼዝ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? አባቶቻችን የሚጫወቱትን ሰንጠረዥ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሁለቱም የጦርነት ጨዋታዎች ናቸው። ንጉሡ መሸሻ ያጣ ወገን ይሸነፋል። ግን ልዩነት አላቸው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው። በቼዝ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ነው።

የቼዝ ገበታ 64 ቤት አለው። እያንዳንዱ ወገን 16 ጦር ያሰልፋል። ከነዚህ 8ቱ ወታደሮች ናቸው። ከሁሉ ኃይለኛዋ ንግሥት ናት። ከእሷ ቀጥሎ በቀጥታ የሚሄደው ግንብ ነው። ጳጳስ በሰያፍ ይሄዳል፤ ፈረስ ይዘላል። ግንብ ከጳጳስም ከፈረስም ይበልጣል። ይህቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

አሁን ስለ አንድ ሰው ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትግራን ፔትሮሲያን የአርመን ልጅ ነው። በ1929 በጆርጂያ፣ በትብሊሲ ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እናትና አባቱ ሞቱበት። ልጁ ለዕለት ጉርሱ መንገድ ጠራጊ ሆነ። ጆሮውም እየደከመ ሄደ። ታዲያ ይህ ልጅ ምን አደረገ? ለቀለብ የሚሰጠውን ለመጽሐፍ አዋለው! አሮን ኒምዞቪች የሚባል የቼዝ ሊቅ የጻፈውን መጽሐፍ ገዛ። ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ያ መጽሐፍ ነው ይል ነበር።

ፔትሮሲያን ሲጫወት «እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ አይጀምርም። «ይህ ሰው ምን ሊያደርገኝ አስቧል?» ይላል። ከዚያ ያሰበበትን መንገድ ቀድሞ ይዘጋበታል።

በ1953 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ አሜሪካዊውን ሳሙኤል ሬሼቭስኪን ገጠመ። ሬሼቭስኪ ወታደሮቹን መሐል ላይ አቁሞ ወደፊት ሊገፋ ተዘጋጅቷል። ከገፋ ደግሞ የፔትሮሲያን ሰፈር ይፈርሳል። የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረሱ መሐል ገብቶ ከወታደሮቹ ፊት ከቆመ። ግን ፈረሱ የሚያልፍበት ቤት ላይ የራሱ ግንብ ተገትሯል። እንዴት ይሁን?

ፔትሮሲያን ግንቡን አንሥቶ በጠላት ጳጳስ አፍ ውስጥ አስቀመጠው። ማንም አላስገደደውም። ሬሼቭስኪ በላው፤ ፔትሮሲያንም ጳጳሱን በወታደር በላ። ትልቁን ሰጥቶ ትንሹን ተቀበለ ማለት ነው። ሒሳቡ ኪሳራ ይመስላል አይደል? ነገር ግን ፈረሱ መሐል ገብቶ ተተከለ። ወታደሮቹም መግፋት አቃታቸው። ግንብ ደግሞ ክፍት መንገድ ካላገኘ እንደ ታሰረ በሬ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ሥራ የለውም። ጨዋታው በአቻ ውጤት አለቀ። የቼዝ ተማሪዎች ያችን ግንብ እስከ ዛሬ ያጠኗታል።

በ1962 በኩራሳኦ ደሴት 27 ጊዜ ተጫውቶ አንድም አልተሸነፈም። 8 አሸነፈ፣ በ19ኙ እኩል ወጣ። «አቻ አበዛ፤ ያሰለቻል» ያሉት ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። ያሰለቸው ተመልካቹን ነው እንጂ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውስ በላብ ተጠምቋል። ደግሞም በዚያ ውድድር አንደኛ የወጣው እሱ ነው።

በ1963 ሚካኤል ቦትቪኒክን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1966 ቦሪስ ስፓስኪ ሊነጥቀው መጥቶ አልቻለም። በ1969 ግን ያው ስፓስኪ ተመልሶ አሸነፈው። ፔትሮሲያን በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሞተ።

የጆሮውን ነገር አልጨረስኩም። ፔትሮሲያን ሲያድግ የማዳመጫ መሣሪያ ያደርግ ነበር። በ1971 በስፔን፣ በሴቪያ ከተማ ከጀርመናዊው ሮበርት ሂብነር ጋር ተጋጠመ። የሚጫወቱበት ቦታ ጫጫታ ነበረው። ሂብነር ተረበሽኩ ብሎ አመለከተ። ፔትሮሲያን መሣሪያውን ዘጋና ማሰቡን ቀጠለ። ስድስት ጊዜ እኩል ወጡ። በሰባተኛው ፔትሮሲያን አሸነፈ፤ ሂብነርም ውድድሩን ትቶ ሄደ።