ያውቁ ኖሯል? ሽንት ቤቱ የሚጎበኝ መጠጥ ቤት

በእንግሊዟ ሊቨርፑል ሆፕ ጎዳና ላይ የሚገኘው «ፊልሃርሞኒክ» በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተሠራው ለቢራ ጠማቂው ሮበርት ኬይን ነው። ሰውየው ለቤቱ አልሰሰተለትም፦ የመግቢያው በር በብረት ጥበብ ያጌጠ፣ ባንኮኒው በሞዛይክ የተለበጠ፣ ግድግዳው በተቀረጸ እንጨት የተሸፈነ ነው። የወንዶቹ መሽኛ ሳይቀር ጽጌረዳ ቀለም ያለው እብነ በረድ ነው። ሴቶችም ሊያዩት ይገባሉ (መጀመሪያ ሰው አለመኖሩን አስጠይቀው እንጂ!)።

ምግብ አዝዞ፣ 568 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን የኤል ቢራ ብርጭቆ ጨብጦ ጥግ መያዝ ለሚሻ፣ በሙዚቃ ቀማሪዎቹ በብራምስና በሊስት ስም የሚጠሩ ክፍሎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የቤቱ ጠጪዎች ዘፈን ሲመርጡ ድንገት መጋረጃው ተገለጠ፤ ዝነኛው ዘፋኝ ፖል ማካርትኒ ከነባንዱ ቆሟል! ከሁለት ዓመት በኋላ ሕንፃው በእንግሊዝ ከፍተኛው የቅርስ ደረጃ ተሰጠው።