ሲቲዝን ወይስ ኦሪየንት? ሁለት የጠላቂ ሰዓቶች በአንድ ዋጋ

ሲቲዝን ፕሮማስተር ኤንዋይ 0040 እና ኦሪየንት ካማሱ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም የጃፓን ኩባንያዎች ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ባትሪ አይፈልጉም። ክንድ ሲወዛወዝ ውስጣቸው ያለው ክብደት እየዞረ ሞላውን ይጠመጥማል፤ ካወለቋቸው በኋላም 40 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ስፋታቸው 42 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም 200 ሜትር ውሃ ይችላሉ ተብሏል። ልዩነቱ ያለው አምራቾቹ ገንዘቡን ባዋሉበት ቦታ ነው።

ሲቲዝን ያዋለው ለባሕር ነው። ገጹ ላይ «ዳይቨርስ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ይህን ለመጻፍ አይኤስኦ 6425 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ማሟላት ያስፈልጋል። 200 ሜትር የተባለ ሰዓት በፈተናው 250 ሜትር ጥልቀት ያለውን ግፊት መቻል አለበት፤ በጨለማ ከ25 ሴንቲሜትር ርቀት መነበብ፣ የጨው ውሃና ማግኔት መቋቋምም ይጠበቅበታል። ካማሱ ገጹ ላይ የሚናገረው ውሃ መቋቋሙን ብቻ ነው። ለመዋኘት ይበቃል፤ የደረጃውን ፈተና አልፌያለሁ ግን አይልም። የሲቲዝን መሙያ ደግሞ እንደ ሌሎቹ በቀኝ ሳይሆን በግራ፣ በስምንት ቁጥር አጠገብ ነው። መጀመሪያ ሲያዩት የተሳሳተ ይመስላል፤ እጅ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ግን የእጅን ጀርባ አይወጋም።

የሁለቱም የውጭ ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል። ጠላቂው ሲወርድ የቀለበቱን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ያገጥማል። ቀለበቱ በድንገት ተገጭቶ ቢዞር የሚያሳየው ካለፈው ጊዜ የበለጠ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ቀድሞ ይወጣል እንጂ አየር አያልቅበትም።

ኦሪየንት ገንዘቡን ያዋለው መስታወቱ ላይ ነው። የካማሱ መስታወት ሳፋየር ነው፤ በጥንካሬ መለኪያ 9 ይደርሳል። አሸዋና አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው፤ ስለዚህ ሳፋየርን አይቧጥጠውም፤ የሲቲዝንን ተራ መስታወት ግን ይቧጥጠዋል። በአቧራማ ከተማ ይህ ከ200 ሜትሩ የበለጠ ያስፈልጋል። መሙያውን ሲስቡም የካማሱ ሰከንድ ቆጣሪ ይቆማል፤ ሰዓቱን በሰከንድ ደረጃ ማስተካከል ይቻላል። የሲቲዝኑ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ሁለቱንም የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀኑ የሚቀየረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሞሉት እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሞሉት ግን ንጋት 12 ሰዓት ይሆናል (ምሽት 12 ካደረጉት ደግሞ ምሽት)። የቀን መቀየሪያው ጥርስ ቆጣሪዎቹ በ9 እና በ3 መካከል ሳሉ ሥራ ላይ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ጊዜ ቀኑን በእጅ አይቀይሩ።

በእኔ ሚዛን በየብስ ለሚውል ሰው ካማሱ ይሻላል፤ ለሚጠልቅ ደግሞ ሲቲዝን፣ ምንም እንኳ የዛሬ ጠላቂ ጊዜውን በኮምፒውተር ቢለካም። የትኛውንም ቢመርጡ ጀርባው ለጥገና ሲከፈት ላስቲኩ ይቀየር፤ የግፊት ፈተና እንደገና እስኪደረግም ድረስ ውሃ ውስጥ አያስገቡት።