ስንት ይታደን? ስንት ይቅር?

አሶሳ ዙሪያ ቀርከሃው ጥቅጥቅ ብሎ በነበረበት ጊዜ፣ ድኩላና ሚዳቋ ከመንደር ሳይርቁ ይታዩ ነበር። ዛሬ ግን አዳኙ ቀኑን ሙሉ ዞሮ ባዶ እጁን የሚገባበት ቀን በዝቷል። «እንስሳው ወዴት ሄደ?» እንላለን። የሄደበት አገር የለም። ጫካው ተመነጠረ፤ ሰው በዛ፤ ጠመንጃም በዛ። ድሮ የነበርነውም፣ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ የመጣነውም ሁላችንም እጃችን አለበት።

አደን ለብዙ ቤተሰብ ምግብ ነው። ጎበዝ አዳኝም ይከበራል። ታዲያ ለአደን ልክ ለምን ተበጀለት? እስቲ በቁጥር እንየው።

በአንድ ጫካ 20 ድኩላ አለ እንበል። 10ሩ ሴቶች ናቸው። ሴት ድኩላ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። በዓመት 10 ግልገል ተወለደ እንበል። ነብር፣ በሽታና እሳት 7 ገደሉ። ትርፉ ስንት ነው? 3 ነው። አዳኞች 3 ቢወስዱ፣ ለከርሞ 20 ድኩላ ይገኛል። 6 ቢወስዱ ግን 17 ይቀራል። ሴቶቹ ከተገደሉማ የከርሞው ግልገል ያንሳል። ዘሩን የበላ ገበሬ ከርሞ ምን ይዘራል?

የአደን ልክ ይኸው ነው። «ኮታ» ይሉታል። በመጀመሪያ የእንስሳው ብዛት ይጠናል። ከዚያ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓመት ስንት እንደሚታደን ይወሰናል። ቁጥሩ ሲያንስ ኮታውም ማነስ አለበት። አዳኙ ፈቃድ ያወጣል፤ ገንዘብም ይከፍላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል።

«ሀብታም ከፍሎ ሲያድን ደሀ ለምን ይከለከላል?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከክፍያው ለአካባቢው ሕዝብ ምን ደረሰ ብለን በስብሰባ ላይ መጠየቅ አለብን። ነገር ግን ሁላችን ያለ ልክ ካደንን፣ ለደሀውም ለሀብታሙም የሚተርፍ አይኖርም።

ይህ በባሌ ታይቷል። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የ10 ሳንቲም ላይ ባለ ቀንድ እንስሳ አለ። የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጥበቃው ላላ። ብዙ አጋዘን በጥይት አለቀ። ጥበቃው ሲመለስ ግን፣ በዲንሾ አጠገብ ቁጥሩ እንደገና አደገ። ዘር ስለተረፈ ነው እኮ!

እኛስ ምን እናድርግ? ሴት ድኩላ ቀንድ የላትም፤ አይተን እንለይ፤ እንተዋት። ወጥመድ ግን ሴትን ከወንድ አይለይም፤ እናትንም ግልገልንም ይይዛል። ስለዚህ ወጥመድ አናጥምድ። ድኩላ ግልገሏን በቁጥቋጦ ውስጥ ትደብቃለች። በበጋ ሣሩ ላይ እሳት ስንለቅ፣ ግልገሉ እዚያው ይቃጠላል። እሳት አንልቀቅ።

አሁን ማንበብ ችለናል። «ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ወረቀቱን ተቀብለን እናንብብ። ወረቀቱ 2 ብሎ ሰውየው 5 ከገደለ፣ ለወረዳው እናስታውቅ።

ለውይይት፦ በቀበሌያችሁ ድሮ ይታይ የነበረ፣ ዛሬ የጠፋ የዱር እንስሳ የትኛው ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ።