ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ማዕድ

ውፍረትን ለመቀነስ በጨጓራና በአንጀት ላይ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፣ በሠለጠነ እጅ ሲሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ የሚፈጸም ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ማገገምና አዲስ የአመጋገብ ሥርዓት የመልመድ ነገር ግን እስከ ዕድሜ ፍጻሜ የሚዘልቅ ነው። ይህም ሆኖ ሰው ስለዚህ ሕክምና ሲነጋገር የሚያደንቀውም የሚነቅፈውም የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አድናቂው «ጨጓራውን አስቈርጦ ተገላገለ» ሲል ነቃፊው ደግሞ «ሆዱን መግዛት ቢያቅተው ለቢላዋ ሰጠው» ይላል። ሁለቱም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ነገሩን ከደጅ ቆመው የሚመለከቱ ናቸው፤ ቢላዋ የሚደርሰው እስከ ሥጋ ነውና፣ በልጅነት ከእናት ማዕድ የተወረሰውን ልማድ፣ ኀዘንንና ደስታን በምግብ የማስታገሥን ጠባይ ሊቈርጥ አይችልም።

ነቀፋው ግን ሥር የሌለው አይደለም። በአራተኛው ምእት ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ የሰውን ልብ የሚፈታተኑትን ስምንት ክፉ ሐሳቦች ሲዘረዝር ሆዳምነትን በመጀመሪያ አስቀምጦታል፤ ለባሕታዊ የተነገረው ተግሣጽም በዓለም ላለው ሰው ሁሉ ፍርድ መስጫ ሆኖ ኖሯል። የዛሬው ጥበበ ሕክምና የደረሰበት ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም ሰው ምግቡን ቀንሶ በከሳ ጊዜ ሰውነቱ ዘመነ ረኃብ እንደ መጣበት ቈጥሮ የሚያቃጥለውን ኃይል የሚቈጥብ፣ የራብንም መልእክት የሚያበረታ መሆኑ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ የጃፓን ሊቃውንት ከጨጓራ እየመነጨ አንጎልን የሚቀሰቅስ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዴቪድ ከሚንግስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ምርምር ይህ ሆርሞን በምግብ ቅነሳ በከሱት ሰዎች ደም ውስጥ ሲጨምር፣ በቀዶ ሕክምና በከሱት ዘንድ ግን እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ የታካሚው ትግል ከፈቃደ ሥጋ ጋር ብቻ እንዳልሆነ፣ ከማይታይና ከማይታክት የተፈጥሮ ዘበኛም ጋር እንደ ሆነ ታወቀ።

የሕክምናው ታሪክ ከዚህ እውቀት ቀድሞ የተጀመረ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ክሬመንና ባልደረቦቹ የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል አልፎ ምግቡን ወደ መጨረሻው የሚያደርስ ሥራ ገለጹ፤ በዚህ የታከሙት ሰዎች በእርግጥ ከሱ፤ ነገር ግን ብርቱ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠርና የጉበት ጥፋት ስለ ተከተላቸው ጥበቡ ኋላ ተተወ። በ1966 እ.ኤ.አ. በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን፣ በጨጓራ ቍስል ምክንያት ከጨጓራቸው ከፊሉ የተወገደላቸው ሴቶች ዳግመኛ መወፈር እንደሚያዳግታቸው አስተውሎ ጋስትሪክ ባይፓስ የተባለውን ሥራ ጀመረ፤ በዚህም የጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይጋጠማል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሆድን ሳይሰነጥቁ በጥቃቅን ቀዳዳዎች በካሜራ እየተመሩ መሥራት ሲቻል የታካሚው ሥቃይ ቀነሰ፣ የሆስፒታል ቈይታውም አጠረ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ሲሆን፣ በእርሱ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚያህለው ተቈርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ ግሬሊን በብዛት የሚመነጭበትም ክፍል አብሮ ይሄዳል።

በሰሜን ካሮላይና የነበረው ዋልተር ፖሪስ በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው ደግሞ፣ የስኳር በሽታ የነበረባቸው ብዙ ታካሚዎች ገና ሳይከሱ፣ በቀዶ ሕክምናው ማግሥት በጥቂት ቀን ውስጥ የደማቸው ስኳር ይስተካከል ነበር። ይህ የሊቃውንቱን አስተሳሰብ ለወጠው፤ ሥራው ጨጓራን የማጥበብ ብቻ መስሎ ይታይ የነበረው፣ አንጀት ከአንጎልና ከጣፊያ አጠገብ ካለው የኢንሱሊን ዕጢ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ የማረም ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ማገገሙ እንመለስ። ታካሚው በዚያው ዕለት ከአልጋው ተነሥቶ ጥቂት እንዲራመድ ይገደዳል፤ ምክንያቱም በእግር ሥር የሚረጋ ደም ወደ ሳምባ ሄዶ ሊገድል ስለሚችል ነው። አብዛኛው ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቤቱ ይሰናበታል፤ ይሁን እንጂ ትኵሳት ቢነሣበት፣ ልቡ ያለ ምክንያት ቢሮጥ፣ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም ቢጠናበት፣ ከስፌቱ የሚያፈስ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሙ መመለስ አለበት።

ምግቡ በደረጃ ይወጣል፤ በመጀመሪያ ውሃና የጠራ መረቅ፣ ቀጥሎ እንደ ወተት ያለ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ከዚያም የተፈጨና የላመ፣ ቈይቶም ለስላሳ፣ በሁለት ወር ገደማ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው የሚታኘክ ምግብ። ሆስፒታሎች በቀናቱ ቍጥር ጥቂት ይለያዩ ይሆናል እንጂ በቅደም ተከተሉ አይለያዩም። ከባዱ ነገር ግን ይህ አይደለም፤ ከባዱ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጥ የነበረ ሰው ቀኑን ሙሉ በጕንጭ በጕንጭ እየተጐነጨ አንድ ሊትር ተኩል እንዲያደርስ መታዘዙ ነው። ደግሞም ከማዕድ ጋር መጠጣት አይፈቀድለትም፤ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሣል። ጕርሻው ትንሽ፣ አኘካኘኩ ረዥም መሆን አለበት፤ ቢቸኵል ምግቡ በደረቱ ላይ ይቆምበታል፤ ምራቁ ይሞላል፣ ያስመልሰዋል። ከሳሕኑም አስቀድሞ ዕንቍላሉን፣ ዓሣውን፣ ዶሮውን ወይም ምስሩን ያነሣል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ካላገኘ ሰውነቱ ስቡን ትቶ ጡንቻውን መብላት ይጀምራልና።

በባይፓስ የታከመ ሰው ጣፋጭ ነገር በብዛት ሲወስድ የሚደርስበት መከራ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ስኳሩ በጨጓራ ሳይቈይ ወደ አንጀት ስለሚጐርፍ ውሃ ከደም ሥር ወደ አንጀት ይሳባል፤ ሰውየው ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱ ይቈርጠዋል፣ መተኛት ያምረዋል። አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ከቈየ በኋላ፣ ኢንሱሊን ከልክ በላይ ስለሚመነጭ፣ የደሙ ስኳር ወርዶ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ጊዜ ስኳር ቢልስ ለጊዜው ይድናል፣ ግን ያንኑ ዙር መልሶ ይጀምረዋል።

ሌላው ነገር ስውር ነው። ቪታሚን ቢ12 እንዲሰረጽ ከጨጓራ የሚመነጭ ረዳት ያስፈልገዋል፤ ብረትና ካልሲየም ደግሞ በይበልጥ የሚሰረጹት በባይፓስ በሚታለፈው የአንጀት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ታካሚው ዕድሜ ልኩን ቪታሚኑንና ማዕድኑን መውሰድ፣ ደሙንም በየዓመቱ ማስመርመር ግዴታው ነው፤ ካልሲየምና ብረት እርስ በርሳቸው ስለሚጋፉ በተለያየ ሰዓት ይወሰዳሉ፤ ሻይና ቡናም ብረትን ስለሚያግዱ ከእርሱ ይራቁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስመለስ ከበዛ ቪታሚን ቢ1 አልቆ ዓይንን፣ አረማመድንና አእምሮን የሚያናውጥ አደጋ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም በፍጥነት ካልታከመ የማይመለስ ጕዳት ጥሎ ይሄዳል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ የሚታየው የጠጕር መርገፍ ግን ብዙ ሴቶችን ቢያስለቅስም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል።

ይህ ሕክምና በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች እየተዘወተረ ስለ ሄደና በእነዚያም አገሮች ብዙ የእኛ ሰዎች ስለሚኖሩ፣ አዲሱ ሥርዓት ከእኛ ማዕድ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ መመርመር ይገባል። ሽሮና ክክ የላመ ስለ ሆነ፣ በርበሬው ከተቀነሰ ወይም አልጫ ከሆነ፣ ገና ለሚያገግም ሰው ተስማሚ ነው። እንጀራ ግን እንደ ዳቦ ሁሉ በጠበበው ጨጓራ ውስጥ ሊጥ ሆኖ ሊከብድ ስለሚችል ዘግይቶ፣ በጥቂቱ ይጀመራል፤ ወጡ የሚበላው በእንጀራ ነው የተባለው ሰው ማንኪያ ለማንሣት ይገደዳል። ጠጅ ደግሞ ስኳርንና አልኮልን በአንድ ብርሌ የያዘ ነው፤ ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በርትቶ ነውና፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት የአልኮል ሱስ መጨመሩን አሳይቷል።

ጾም ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ጤነኛው ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ቢውል ሲፈታ በአንድ ጊዜ ይተካዋል፤ ጨጓራው የጠበበ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ሊተካው አይችልም፤ ያለፈው ሰዓት ያለፈ ነው። ወተት፣ ዕንቍላልና ሥጋ በማይቀመሱበት በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም ፕሮቲኑን ከጥራጥሬ ብቻ በዚያች ትንሽ መጠን ማሟላት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ርኅሩኅ ናት፤ ቅዱስ ቍርኣንም በረመዳን ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ጭንቁ ያለው ከሥርዓቱ ይልቅ በታካሚው ኅሊና ውስጥ ነው፤ ከስቶ፣ ተውቦ፣ በሰው ዓይን ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ሕመምተኛ ነኝ» ብሎ ለንስሐ አባቱ መናገር ያሳፍረዋልና። ቢናገር ግን ሐኪሙም ካህኑም የሚቃረን ቃል አይነግሩትም።

የጕርሻው ነገር ደግሞ አለ። «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ» ስትል እጇን የዘረጋች አክስት ፍቅሯን እንጂ ምግቡን አይደለም የምታጐርሰው፤ ያንን እጅ መመለስ ለእኛ ሰው ከቀዶ ሕክምናው ቍስል ይልቅ ያማል። ብልኆቹ ታካሚዎች አስቀድመው ለቤተ ሰብ ይገልጣሉ፤ የማይገልጡት አንድም ጕርሻውን ተቀብለው ጓዳ ገብተው ይተፋሉ፣ አንድም ከግብዣ ይቀራሉ፤ ከግብዣ የቀረም ሰው በእኛ አገር ከዘመድ የቀረ ያህል ነው። በስዊድን በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከዚህ ሕክምና በኋላ ትዳር የነበራቸው ሰዎች ፍቺ፣ ያልነበራቸው ሰዎች ጋብቻ ከሌላው ይልቅ እንደ በዛ ማሳየቱ የሰውነት ለውጥ የቤትን ሚዛን ምን ያህል እንደሚያነቃንቅ የሚያስረዳ ነው።

በዚያው በስዊድን በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ከ4,000 በላይ ሰዎችን በብዙ ዓመታት የተከታተለው ምርምር፣ በባይፓስ የታከሙት ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከክብደታቸው 32 በመቶ ያህል እንደ ቀነሱ፣ በዐሥረኛው ዓመት ግን ቅነሳው 25 በመቶ አካባቢ እንደ ነበረ፣ በጠቅላላውም ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ካላደረጉት ይልቅ ዕድሜያቸው እንደ ረዘመ ገልጧል። እንግዲህ ጥቂት ኪሎ መመለሱ በጥናቱም የታየ፣ የሚጠበቅ ነገር ሲሆን፣ ታካሚው ግን ኃጢአት እንደ ሠራ ሰው ከሐኪሙ ይሸሻል፤ ይህ ሽሽት፣ በእኔ ፍርድ፣ ከተመለሰው ኪሎ የከፋ ነው። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት አዲሶቹ መድኃኒቶች ኪሎው ለተመለሰበት ሰው ተጨማሪ እርዳታ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነርሱን ለማግኘትም ቢሆን የሐኪሙን ደጅ መርገጥ ያሻል።

ዋጋው ስለሚረክስ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ታክሞ የሚመለሰው ሰው ደግሞ የሚከታተለው ሐኪም በአጠገቡ የለም። እንዲህ ያለው ሰው ቢያንስ የቀዶ ሕክምናውን ዐይነት፣ ቀኑንና የሚወስዳቸውን ቪታሚኖች የሚገልጽ ጽሑፍ ከሐኪሙ ተቀብሎ ይያዝ፤ ከዓመታት በኋላ በደም ማነስ ወይም በእግሩ መደንዘዝ ምክንያት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ የሚመረምረው ሐኪም በሆዱ ላይ ካሉት አራት ወይም አምስት ጥቃቅን ጠባሳዎች ብቻ በውስጡ የተሠራውን ሊያውቅ አይችልምና።