ድረ ገጽን እየሠሩ መማር

ድረ ገጽ የተወለደው በፊዚክስ ምርምር ተቋም ውስጥ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠናው ቲም በርነርስ ሊ፣ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን ሲሠራ፣ ተመራማሪዎች ሰነዶቻቸውን በቀላሉ የሚለዋወጡበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1989 አቀረበ። በ1990 መጨረሻም የመጀመሪያው ብራውዘር ሥራ ጀመረ። ገጾቹ የሚጻፉበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ይባላል።

ኤችቲኤምኤል ስሌት የሚሠራ ቋንቋ አይደለም። ተግባሩ የጽሑፍን ክፍሎች ማመልከት ነው፦ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግር ማያያዣ ነው። ምልክቶቹ ታግ ይባላሉ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የሚጻፉ ሲሆን አብዛኞቹ መክፈቻና መዝጊያ አላቸው።

ይህን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰጥ ታጎቹን በሰሌዳ ላይ ዘርዝሬ አስጻፍኩ። ተማሪዎቹ በሚገባ ሸመደዱ፤ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ ግን አንድ ገጽ እንኳ መሥራት አቃታቸው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ትንታኔውን ትቼ ሆን ብዬ ያበላሸሁትን ገጽ ሰጠኋቸውና «አስተካክሉ» አልኳቸው። የርዕሱን መዝጊያ ታግ አጥፍቼው ስለነበር ከርዕሱ በታች ያለው ጽሑፍ ሁሉ ገዝፎ ታየ። ብራውዘር እንዲህ ያለውን ስሕተት አይናገርም፤ እንደ ምንም ገምቶ ገጹን ያሳያል። ስለዚህ ስሕተትን ፈልጎ የማግኘት ልምድ የሚገኘው በእጅ በመሥራት ብቻ ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአጻጻፍ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ ለምሳሌ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 በሚሉ ተከታታይ ቁጥሮች ይቀመጣል። አሁን በገጹ መግቢያ ላይ ያለውን የዩቲኤፍ-8 መግለጫ በዊንዶውስ-1252 ተክተው ገጹን እንደገና ይክፈቱ። ይህ ሥርዓት እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ስለሚያነብ «ሀ» ሦስት እንግዳ ምልክቶች ይሆናል፤ የመጨረሻው የዩሮ ገንዘብ ምልክት ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው። ስሙን በዚህ መልክ ተበታትኖ ያየ ተማሪ መግለጫውን ከዚያ ወዲህ አይረሳም።

ለእነዚህ ሙከራዎች የኢንተርኔት መስመር አያስፈልግም። ኮምፒዩተር፣ ኖትፓድና ብራውዘር በቂ ናቸው። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒዩተር ተቀምጠው አንዱ ሲያበላሽ ሌላው ቢያስተካክል፣ ተራቸውንም ቢለዋወጡ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ይማራሉ። በቤተ ሙከራም ቢሆን መሣሪያን የምናውቀው ራሳችን ስንነካው ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ይህን መጽሔት አጥፈው ኖትፓድን ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው ገጽዎም በአማርኛ ይሁን።