የ2,000 ብር ቱቦ፣ የ86,000 ብር ጥገና፦ የአሮጌ አውቶሞቢል ሒሳብ

ዛሬ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ አናወራም። የምናወራው ናሙና ይዘን ስለምንሮጥባት አውቶሞቢል ነው። አብዛኞቻችን የምንነዳው ያረጀ መኪና ነው። የጆንያና የማበጠሪያ ወጪ በሳንቲም እንመዘግባለን፣ የመኪናዋን ግን ከኪስ አውጥተን እንረሳዋለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ባለፈው የቡና ወቅት ከጅማ ናሙና ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ፣ ጊቤን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ወጣ። ከሁለት ወር በፊት መካኒኬ «ጋሼ፣ የራዲያተሩ ቱቦ አርጅቷል፣ ያንጠባጥባል፣ ይቀየር» ብሎኝ ነበር። ከነእጅ ዋጋው 2,000 ብር። እኔ ግን «ወቅቱ ይለፍና» ብዬ ውሃ እየጨመርኩ ነዳሁ። ያን ቀንም ውሃ ጨምሬ ቀጠልኩ። ወልቂጤ ሳልደርስ ነጭ ጭስ መትፋት ጀመረች።

ሲፈታ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታውም ተጣሟል። መጎተቻ፣ ቶርኖ ቤት፣ ጓርኒሲዮን፣ ዘይትና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 86,000 ብር። የቱቦው 43 እጥፍ ማለት ነው። ናሙናው ሁለት ቀን ዘግይቶ ሲደርስ ገዢው ከሌላ ሰው ጋር ተዋውሎ ጨርሷል። ጥፋቱ የመኪናዋም የመካኒኩም አይደለም፣ የኔ ነው።

የዕቃ ዋጋ ለምን ናረ?

መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ከዶላር ጋር ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ከ120 ብር አለፈ። የ100 ዶላር ዕቃ 5,700 ብር የነበረው 12,000 ብር ገባ ማለት ነው፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር። ላኪው ገቢውም በዶላር ስለሆነ ትንሽ ይተነፍሳል። በብር ገዝቶ በብር የሚሸጠው ነጋዴና የገበሬው ዩኒየን ግን ሙሉውን ይሸከማል።

የት የት ነው የሚጎዱት?

ገበያችን ውስጥ ካሉት መካከለኛ አውቶሞቢሎች ቶዮታ ካምሪን እንውሰድ።

1. እስከ 2001 ስሪት (በፈረንጅ) ያለው 2.2 ሞተር ታይሚንግ ቤልት አለው። ቤልት ዕድሜ አለው። መቼ እንደተቀየረ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ሲቀየር የውሃ ፓምፑንም አብሮ ማስቀየር ይሻላል፣ የእጅ ዋጋው አንድ ጊዜ ይሆናል።

2. ከ2002 የጀመረው 2.4 ሞተር በሰንሰለት ነው የሚሠራው፣ የቤልት ወጪ የለበትም። ግን እስከ 2006 ባሉት ላይ የቴስታታውን ቡሎን የሚይዘው የብሎኩ ጥርስ ሊበላ ይችላል። ምልክቱ ከሞተሩ ጀርባ የውሃ መፍሰስና ሙቀት ነው።

3. ከ2007 እስከ 2009 ያለው 2.4 ደግሞ ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ አምራቹ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ችግር ዋስትናውን አራዝሞ ነበር። መለኪያው በ1,900 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከበላች ፒስተንና ፋሻ ነው፣ ሞተር ይወርዳል። ዘይት መጨመር ርካሽ ነው፣ ሳያዩ መንዳት ነው ውዱ።

4. ስሪቷ ምንም ይሁን ምን የገጠር መንገድ ጎሚኒ፣ ቴስቲኒና አሞርዛተር ይጨርሳል። እነዚህ ገዳይ ወጪ አይደሉም፣ ግን ሲዘገዩ ጎማ ይበላሉ።

ልሽጣት ወይስ ልጠግናት?

የመኪና ዋጋ ስለጨመረ «አተረፍኩ» የሚል ብዙ ሰው አለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ያለው መወደዱ እውነት ነው። ግን ሸጣችሁ የምትገዙትም ተወዷል። መጋዘን ያለ ቡና ዋጋው ሲወጣ ሸጦ በዚያው ዋጋ መልሶ እንደመግዛት ነው፣ ትርፉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። የ12 ወር የጥገና ወጪ እደምራለሁ፣ በሄድኩት ኪሎ ሜትር አካፍላለሁ። በላዩ ላይ መኪናዋ የቆመችበትን ቀንና በዚያ ምክንያት ያመለጠኝን ሥራ እጨምራለሁ። ያ ድምር መኪና ተከራይቼ ብሄድ ከማወጣው ካለፈ፣ መሸጥ ነው። ካላለፈ እጠግናለሁ፣ ግን ሳይሰበር።

ለዩኒየኖች አንድ ምክር ልጨምር። የመኪና ጥገናን «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ አትቅበሩት። ለብቻው መስመር ስጡት፣ ትልቁን ጥገና ከግዢው ወቅት በፊት ጨርሱ። ጥቅምት ላይ ጋራዥ ያልገባች መኪና ጥር ላይ ራሷ ትገባለች፣ ያውም ተጎትታ።

ዛሬ ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ እዩ። ሁለት ደቂቃ ነው።

መልካም ገበያ!