የጠላቂዎች ጀልባና የዱቤ ሒሳብ

ነጋዴ ዕቃውን በዱቤ ከማስረከቡ አስቀድሞ የተቀባዩን ሱቅ በዓይኑ ማየት፣ ሚዛኑን መመርመርና የጎረቤቱን ምስክርነት መጠየቅ እንዳለበት አባቶቻችን አስተምረውናል። ሱቁ በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በሆነ ጊዜስ ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ባለፈው ታኅሣሥ በእኛ መሥሪያ ቤት ተነሣ፤ መልሱን ፈልጎ እንዲያመጣ የተላከውም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነበር። ያየሁትን ለክቡራን አንባቢዎች የማቀርበው ሌላው ነጋዴ ይጠቀምበት ይሆናል በማለት ነው።

ጌታዬ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ አትክልትና ፍራፍሬ የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በጸሐፊነት ከተቀጠርሁ ወዲህ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ደብዳቤአቸውንና የሒሳብ መዝገባቸውን ይዣለሁ። በኅዳር ወር መጨረሻ በጅቡቲ የሚኖር አንድ የጀልባ ባለቤት ለወቅቱ በሙሉ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ብርቱካን በሁለት ወር ዱቤ እንዲቀርብለት ጠየቀ። ጌታዬም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ፣ «ይህ ሰው የሚሸጠው ምንድን ነው? ንግዱን ሳላውቅ ዱቤ አልሰጥም። የናሙናውን ጭነት ይዘህ ሂድና እይ» አሉኝ።

የሰውየው ንግድ እንዲህ ያለ ነው። ጀልባዋ መኝታና ወጥ ቤት ያላት ናት። እንግዶቿ ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ወደ የብስ ሳይመለሱ በላይዋ ይበላሉ፤ ይተኛሉ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜም ከእርሷ ላይ ወደ ባሕር እየዘለሉ ይጠልቃሉ። እኔ በተሳፈርሁበት ጊዜ 14 እንግዶችና 7 ሠራተኞች ነበሩ። የሚሸጠው ዕቃ እንግዲህ በጓዳ የተከማቸ አይደለም፤ ከውኃ በታች ያለውን ሕያው ፍጥረት ማየት ነው።

ይህ ንግድ ሊኖር የቻለው በአንድ መሣሪያ ምክንያት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶ የተባለ የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንንና ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ፣ በጠርሙስ የታመቀውን አየር ጠላቂው ሲስብ ብቻ በልክ የሚሰጥ መተንፈሻ ሠሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ጠላቂ በአብዛኛው ከላይ በቱቦ አየር የሚነፋለት፣ ከባድ የብረት ቆብ የደፋ ሠራተኛ ነበር። ኩስቶ ቀድሞ የጦር መርከብ በነበረችው ካሊፕሶ በ1951 ወደ ቀይ ባሕር መጣ፤ በ1963ም ባልደረቦቹ በሱዳን ጠረፍ 10 ሜትር ከውኃ በታች በተሠራ ቤት አንድ ወር ኖሩ። ከእነዚህ ጉዞዎች የተሠሩት ፊልሞች ብዙ ሰው ባሕሩን እንዲመኝ አደረጉ።

መተንፈሻው ለሰው ነፃነት ቢሰጥም ሒሳቡን ግን አልሰረዘለትም። 10 ሜትር በወረዱ ቁጥር በሰውነት ላይ የሚያርፈው ግፊት በአየር ላይ ያለውን ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ የሚተነፈሰውም አየር አራት እጥፍ ይሆናል። 12 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ እስከ 200 ባር ቢሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው። በደቂቃ 20 ሊትር ለሚተነፍስ ሰው ይህ ከውኃው ገጽ ላይ 120 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር ግን 30 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። እርሱም ቢሆን ሁሉ አይጠጣም፤ ለመመለሻ ሊቀመጥ የሚገባው መጠባበቂያ አለ። ከዚህም ሌላ ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ በግፊቱ ኃይል በደም ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ጠላቂው ቀስ ብሎ መውጣትና ወደ ገጹ ሲቃረብ በ5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ያህል መቆም ይገባዋል። የቸኮለ እንደሆነ ጋዙ በደሙ ውስጥ አረፋ ይሆንበታል። እኔም እንደ ነጋዴ ጸሐፊ ይህን ስሰማ፣ ወጪና ገቢው በየደቂቃው የሚመዘገብበት ንግድ መሆኑን ተረዳሁ።

በሁለተኛው ቀን የጤና መጠይቁን ሞልቼ፣ አስተማሪው እጄን ይዞኝ ወደ 6 ሜትር ወረድሁ። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የድሬዳዋ ሰው ውኃ ውስጥ ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚሰማው የገዛ ልቡን ትርታ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ፍርሃቱ ቀለለኝና ማየት ጀመርሁ። ድንጋይ የመሰለኝ ሁሉ ኮራል ነበር። ኮራል ጥቃቅን እንስሳት ተባብረው የሚሠሩት ቤት ነው፤ ቀለማቸውንና አብዛኛውን ምግባቸውን የሚያገኙት በሥጋቸው ውስጥ ከሚኖሩ ከዓይን የረቀቁ አልጌዎች ነው። ውኃው ከልክ በላይ የሞቀ እንደሆነ እነዚህ ተከራዮች ይወጣሉ፤ ቤቱም ነጥቶ ይራባል። እንዲህ ያለው የኮራል ሥፍራ ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ሲሆን፣ ከባሕር ፍጥረት ዓይነቶች ሩብ ያህሉን ያስተዳድራል።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን እንደ ጣት የቀጠነ፣ በጎኑ ጥቁር መሥመር ያለው ትንሽ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ አጽጂ ነው። የታወቀ ቦታ ይዞ ይቆማል፤ ትልልቆቹ ዓሦች እየመጡ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል፤ እርሱም ከገላቸውና ከአፋቸው ተባይ እየለቀመ ይበላል። አንዱ አጽጂ በቀን 1,200 ያህል ተባይ እንደሚለቅም ተቆጥሯል። እውነተኛ ደንበኞች ያሉት ሱቅ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አጽጂው ከተባዩ ይልቅ የደንበኛውን ገላ የሚሸፍነውን ለስላሳ ልባስ ይወዳል፤ አንዳንዴም እርሱን ነክሶ ያታልላል። የተታለለው ዓሣ ይሸሻል፤ ወደ ሌላ አጽጂም ይሄዳል። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ደንበኛ እያየው ከሆነ አጽጂው ማታለሉን ይቀንሳል። የሚያይ ዓይን ባለበት ሐቀኛ መሆን የሰው ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ከዚያ ተማርሁ።

በሦስተኛው ቀን ከአርታ ጠረፍ አጠገብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ መነጽርና የእግር መቅዘፊያ ብቻ አድርገን ከውኃው ገጽ ላይ ዌል ሻርክ የተባለውን አየን። ይህ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሙሉ ዕድሜ ሲደርስ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በዚያ የሚመጡት አብዛኛዎቹ ግን ገና ወጣቶች ናቸው። ሰውን አይነካም፤ አፉን ከፍቶ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረቶችን ያጣራል። በጀርባው ያለው ነጭ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ የእያንዳንዱ የራሱ ነው። የጀልባው እንግዶች ገንዘባቸውን የሚከፍሉት በተለይ ይህን ለማየት ነው፤ ጀልባዋ ግን ሻርኩን አልገዛችውም፣ አታሳድገውምም።

ስለዚህ ዋጋው ምን ያህል ነው ብለን ብንጠይቅ፣ የፓላው ደሴቶች ምሳሌ ይረዳናል። የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ባሰሉት መሠረት፣ በዚያ የሚኖር አንድ የኮራል ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በጠላቂዎች አማካይነት 1.9 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያስገኛል፤ ተገድሎ ቢሸጥ ግን 108 ዶላር ነው። የፓላው መንግሥት በ2009 ባሕሩን ለሻርኮች መጠበቂያ ማድረጉ ከዚህ አንጻር የሚያስደንቅ አይደለም። ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ በትርፉ መኖር ለነጋዴ አዲስ ትምህርት አይደለምና። እስከዚህ ድረስ የጀልባዋ ባለቤት ንግድ መልካም ሆኖ ታየኝ፤ ለጌታዬም «ይሰጠው» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አዘጋጅቼ ነበር።

በዚያው ሌሊት፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ጥም ቀስቅሶኝ ተነሣሁ። ዘጠኝ ሰዎች የምንተኛው ከታችኛው ክፍል ነበር። በደረጃው ወጥቼ ወደ መመገቢያው ክፍል ስገባ የእንግዶቹ የካሜራና የመብራት ባትሪዎች በጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ኤሌክትሪክ ይሞላባቸዋል። ከመሪው ክፍል እስከ ኋለኛው ወለል ሄድሁ፤ ነቅቶ ያገኘሁት አንድም ሰው የለም። ስመለስ ለአደጋ ጊዜ የተሠራውን ሁለተኛውን መውጫ ፈለግሁ። በክዳኑ ላይ ሣጥኖች ተከምረዋል። መብራት ባበራባቸው የጌታዬ ማኅተም ታየኝ፤ የእኛው የሽንኩርትና የቲማቲም ሣጥኖች ነበሩ።

ያን ጊዜ ያስታወስሁት በ2019 በካሊፎርኒያ ጠረፍ የደረሰውን ነው። ኮንሴፕሽን የተባለችው የጠላቂዎች ጀልባ መስከረም 2 ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር በሌሊት ተቃጥላ 34 ሰዎች ሞቱ፤ ሁሉም ከታች የተኙ ነበሩ። መርማሪዎች የእሳቱን መነሻ በእርግጥ ሊወስኑ አልቻሉም፤ ነገር ግን በየሰዓቱ እየዞረ የሚጠብቅ ሰው እንዳልነበረና ሁለቱም መውጫዎች የሚያደርሱት ወደዚያው ወደሚቃጠለው ክፍል እንደነበር አረጋግጠዋል። የጀልባዋ አዛዥም ተከሶ በ2024 የአራት ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል።

ወጥ ሠሪው የድሬዳዋ ልጅ ነበርና ቀስቅሼ ሣጥኖቹን አብረን አነሣን። «ሌሊት ተራ የሚጠብቅ ማነው?» ብለው «ጋሼ፣ መልሕቅ ከተጣለ ሁሉም ይተኛል» አለኝ። በማግሥቱ በእርሱ አስተርጓሚነት ለአዛዡ ነገርሁት። አዛዡም ባሕሩ ጸጥ ያለ እንደሆነ፣ ሠራተኞቹም ቀን ሲደክሙ እንደሚውሉ መለሰልኝ። አልተቈጣም፤ ግን መዝገቡን ባሳየኝ ጊዜ የሌሊት ጥበቃ የሚለው ዓምድ ባዶ ነበር።

ወደ ድሬዳዋ ለመመለስ አልቸኮልሁም። ከተማችን ከባሕር በላይ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የጠለቀ ሰው ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት የለበትም ብለውኝ አንድ ቀን በጅቡቲ አደርሁ። በዚያ ቀን ሪፖርቴን ጻፍሁ።

ጌታዬ ለባለቤቱ የላኩት ደብዳቤ አጭር ነበር፦ ዕቃው ይቀርባል፤ ዱቤውም ይሰጣል፤ ነገር ግን ሣጥኖቻችን በመውጫ ላይ አይከመሩም፤ በየሌሊቱም የሚነቁት ሰዎች ስምና ሰዓት ተመዝግቦ ግልባጩ በየሁለት ሳምንቱ ይላክልን የሚል ነው። ባለቤቱ አትክልት ሻጭ ስለ ጀልባ ምን አገባው ብሎ ተቈጣ። ሦስት ሳምንት ከሌላ ሰው ገዛ፤ እኛም የገናን ሰሞን ሽያጭ አጣን። በጥር አጋማሽ የመዝገቡ ግልባጭ ከአዲስ ጥያቄ ጋር መጣ። ጌታዬም ዱቤውን ፈቀዱ፤ ለሁለት ወር ሳይሆን ለ30 ቀን።

እንግዲህ ከዚህ ዓይነት ድርጅት ጋር የሚገበያዩ ነጋዴዎች ከዋጋውና ከሚዛኑ ጋር አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ይኸውም ሌሊት የሚነቃው ማን ነው የሚለው ነው። እኛ ዘንድ በመጣው ግልባጭ ላይ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት የተጻፈው የወጥ ሠሪው ስም ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ ሳነጋግረው እንቅልፉ እንደሚያስቸግረው፣ ለጥበቃው ግን ተጨማሪ ደመወዝ እንደተቈረጠለት ነግሮኛል።